ሕልሜን ለማን ልንገር? ስለ ዩንግ፣ ስለ ነፍስና ስለ ጥላ የተደረገ የሠላሳ አንድ ምላሽ ክርክር

ይህን በኢንተርኔት መድረክ ላይ የተካሄደ የውይይት ክር የከፈተችው በአዲስ አበባ የምትኖር የ41 ዓመት የሒሳብ ባለሙያ ናት። ለሁለት ዓመት ያህል በየማለዳው ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ ሕልሟን በደብተር ስትጽፍ እንደ ቆየችና አንዱ ሕልም እየተመላለሰ እንዳስቸገራት በመንገር ጀመረች። በሕልሟ የሴት አያቷ ቤት ጓዳ ተቆልፏል። ቁልፉን ፍለጋ ቤቱን ስታምስ ትቆይና በመጨረሻ እጇን ወደ አንገቷ ስትሰድ ከማተቧ ጋር ታስሮ ታገኘዋለች፤ በሩን ሳትከፍት ግን ትነቃለች። ይህን ለሥነ ልቦና አማካሪዋ ብትነግረው፣ ማተብ ያለበት ነገር የሃይማኖት ጉዳይ ነው በማለት ወደ ንስሐ አባቷ መራት። የንስሐ አባቷ ደግሞ ሕልም ፈርተው ሳይተኙ አይታደርም ብለው፣ ስቀው አሰናበቷት።

ከዚህ በኋላ ጥያቄዋን ወደ ሙግት ለወጠችው። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ካርል ጉስታቭ ዩንግ ሁለቱን በሮች አንድ አድርጎ አልፏል፤ ታዲያ እኛ አንዲት ነፍስ ለሁለት ቢሮ የምናካፍለው ስለ ምንድን ነው የሚል ነበር ሙግቷ። ለማስረጃም ዩንግ በ1932 ዕድሜያቸው ከ35 በላይ ከሆኑ ታካሚዎቹ መካከል የችግሩ ሥር መንፈሳዊ ያልነበረ አንድም ሰው እንዳላየ መናገሩን ጠቀሰች። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኔ ሃያኛውን ምላሽ የጻፍኩ ሰው ስለ ሆንኩ በዚህ ትረካ ከአድልዎ ነጻ ነኝ አልልም።

ምላሽ 1 ከባሕር ዳር የመጣ የመምህር ምላሽ ሲሆን በአክብሮት የተሞላ ነበር። ጠያቂዋን እርስዎ እያለ፣ ዩንግ ለእምነት ባዕድ እንዳልነበረ ሊያሳይ በሐሳብ ወደ ኩስናኽት፣ ወደ ዩንግ መኖሪያ ቤት፣ ወሰዳት። በዙሪክ ሐይቅ ዳር ባለው በዚያ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ቢጠሩትም ባይጠሩትም አምላክ በዚያ እንደሚገኝ የሚናገር የላቲን ጽሑፍ ተቀርጿል። መምህሩ ይህን እንደ እምነት ምስክር ቆጠረው።

ምላሽ 2 ወዲያው አረመው። ቃሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ሳይሆን በጥንታዊት ግሪክ የዴልፊ ጠንቋይ ለስፓርታ ሰዎች ሰጠች የሚባል መልስ ነው፤ ለዩንግ የደረሰውም ሊቁ ኤራስመስ ባዘጋጀው የጥንት አባባሎች ስብስብ በኩል ነው። መምህሩ በምላሽ 4 ተመልሶ፣ እርማቱን ተቀብሎ፣ አንድ ነገር ጨመረ። ዩንግ በ1960 በጻፈው ደብዳቤ ጽሑፉን ያስቀመጠው ለታካሚዎቹም ለራሱም የጥበብ መጀመሪያ እግዚአብሔርን መፍራት መሆኑን ለማስታወስ እንደ ሆነ ገልጿል። እንግዲህ የአረማዊ ጠንቋይ ቃል በድንጋይ ላይ አስቀርጾ በሰሎሞን ቃል የተረጎመ ሰው ነው። ስለ እሱ የተነሣው ጠብ ሁሉ ከዚህ ደጃፍ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ፤ ሁለቱም ወገኖች እዚያው ደጃፍ ላይ ቆመው ስለ ቤቱ ውስጥ ይከራከራሉና።

ምላሽ 3 የክሩን ከፋች ዋና ማስረጃ ነካ። የ1932ቱ ንግግር በስትራስቡርግ ለፕሮቴስታንት አገልጋዮች የተደረገ ሲሆን፣ ዩንግ በዚያው ቦታ ላይ ይህ ከየትኛውም የሃይማኖት ድንጋጌና ከቤተ ክርስቲያን አባልነት ጋር ግንኙነት እንደሌለው በግልጽ አስቀምጧል። ጸሐፊው የዩንግ አባት የተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ፓስተር እንደ ነበሩ፣ ልጁ የአባቱ እምነት ውስጡ ባዶ እየሆነ ሲሄድ እያየ እንዳደገ አስታወሰ። ስለዚህ ሰውየው ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሱ አላለም፤ ያለው አባቱ ያጣው ነገር ሳይኖር ሰው በጤና እንደማያረጅ ነው። ስሙ ዩንግ ነው ወይስ ጁንግ የሚባለው በሚል የተነሣውን የሁለት ምላሽ ክርክር እዘለዋለሁ። ዩንግ ነው።

ምላሽ 7 ክሩን ወደ አገር ቤት አመጣው። ጸሐፊው ዲያቆን እንደ ሆነና የመጻሕፍተ መነኮሳትን ትርጓሜ እንደ ተማረ ገልጾ፣ በትሕትና ግን ሳይለዝብ፣ ከስዊዘርላንድ የሚቀዳ ውኃ እንደማያስፈልገን ጻፈ። በእነዚህ መጻሕፍት ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የሰውን ውስጥ ከማንም በፊት መርምረዋል። መንገዱም ከንጽሐ ሥጋ ወደ ንጽሐ ነፍስ፣ ከዚያም ወደ ንጽሐ ልቡና የሚወጣ፣ ዐሥር መዓርጋት ያሉት ነው። ከመዓርጋቱ አንዱ አንብዕ፣ ማለትም እንባ፣ መሆኑን ጠቅሶ፣ ይህ የስሜት መፍሰስ ሳይሆን ሰው የገዛ ነፍሱን ሁኔታ ሲያይ የሚመጣ ስጦታ እንደ ሆነ አብራራ። ስለ ሕልም ደግሞ መጽሐፈ ሲራክን ጠርቶ፣ ሕልምን የሚከተል ጥላን እንደሚጨብጥ ሰው መሆኑን አሳሰበ። ሲያሳርግ ግን ሳያስበው ለተቃዋሚዎቹ መሣሪያ አቀበለ፤ በማር ይስሐቅ ትምህርት ራሱን ለማየት የበቃ ሰው መላእክትን ለማየት ከበቃው እንደሚበልጥ ጻፈ።

ከዶሃ የምትጽፍ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት በምላሽ 8 አጭር ነገር ጣለች። ማር ይስሐቅ የተወለደው ቤተ ቀጠርያ በሚባለው፣ ዛሬ ኳታር ባለችበት አካባቢ ነው። እሷ ሌሊት መጽሐፉን የምታነበው እሱ ከተወለደበት አሸዋ ላይ እንደ ሆነ ስታውቅ እንዳለቀሰች፣ ይህ እንባ የትኛው መዓርግ እንደ ሆነ ግን ዲያቆኑ እንዲነግራት ጠየቀች። ቀልድ ይሁን ምሬት መለየት አልቻልኩም። ዲያቆኑ አልመለሰላትም።

ምላሽ 9 የዲያቆኑን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ይዞ መልሶ ዲያቆኑን ሞገተው። ራስን ማየት መላእክትን ከማየት የሚበልጥ ከሆነ፣ ያቺ ሴት በየማለዳው ደብተር ይዛ የምታደርገው ምንድን ነው? ሲራክ ሕልምን ቢነቅፍም በዚያው መጽሐፍ ቅዱስ ዮሴፍና ዳንኤል በሕልም ፍቺ ሕዝብ አትርፈዋል። ዩንግም ኑዛዜን አልናቀም፤ የሥነ ልቦና ሕክምናን በአራት ደረጃ ሲከፍል የመጀመሪያውን ኑዛዜ ብሎ ነው የሰየመው። ቀጥለው ማብራራት፣ ማስተማርና መለወጥ ይመጣሉ። ጸሐፊው የንስሐ አባቶች የመጀመሪያውን ይሰጡናል፣ አማካሪዎች ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይሰጡናል፣ አራተኛውን ግን ሁለቱም ይፈሩታል ሲል ደመደመ። በዚህ ክር ውስጥ ከተጻፉት ሁሉ ብዙ ጊዜ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው።

ምላሽ 10 ላይ የክሩ ድምፅ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ ጠያቂዋ እኅታችን ወይም እርስዎ ነበረች፤ እዚህ ላይ ባዶ አንቺ ሆነች። ጸሐፊው ይህ ሁሉ ‘አዲስ ዘመን’ (ኒው ኤጅ) የሚባለው የምዕራባውያን የእምነት ቅልቅል መሆኑን፣ ዩንግ የራሱን ቅዠት እንደ ራእይ የቆጠረ ሰው መሆኑን፣ እሷም ማተቧን ለፈረንጅ ሕልም ፈቺ እንዳስመዘነች ጻፈ። የሚያናድደው ከፊሉ እውነት መሆኑ ነው። ዩንግ ከ1913 ጀምሮ፣ ከሥነ ልቦና ትንተና መሥራች ከፍሮይድ ጋር በተለያየበት ወቅት፣ አውሮፓን ውኃ ሲያጥለቀልቃትና ውኃው ወደ ደም ሲለወጥ በቁሙ አይቷል። ያየውን ሁሉ በእጁ እየጻፈና እየሣለ በቀይ ቆዳ በተጠረዘ ትልቅ መጽሐፍ አስፍሯል። ቤተሰቡ ደብቆ ያቆየው ያ መጽሐፍ ለኅትመት የበቃው በ2009 ነው።

ከዋሽንግተን አካባቢ የምትጽፍ የአእምሮ ሕሙማን ነርስ በምላሽ 11 የመለሰችው በቁጣ አልነበረም። ዩንግ ራእይ ማየቱን ሳይሆን ራእዩ እንዳይወስደው ምን እንዳደረገ እንድናይ ጠየቀች። ሰውየው በዚያ ጊዜ ሥራውን አላቆመም፤ በቀን ታካሚዎቹን ያይ ነበር። ሲጨንቀው ደግሞ የሕክምና ዲፕሎማ እንዳለው፣ ሚስትና አምስት ልጆች እንዳሉት፣ ቤቱም በኩስናኽት የሐይቅ ጎዳና ቁጥር 228 እንደ ሆነ ለራሱ ይደጋግም ነበር። ነርሷ ይህን አድራሻ የጠቀሰችው ለጌጥ አይደለም። ሥራ፣ ቤተሰብና አድራሻ የሌለው ሰው፣ ወይም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው፣ ብቻውን ወደ ራሱ ጥልቅ ልውረድ ቢል መመለሻ ገመድ እንደማይኖረው ከሥራዋ ታውቃለች። ጠያቂዋን ከሕልሟ በኋላ እንቅልፍ መልሶ ይወስዳት እንደ ሆነ፣ ምግብ ትበላ እንደ ሆነ፣ ሥራ ትገባ እንደ ሆነ ጠየቀቻት። በዐሥር ምላሽ ውስጥ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ከምላሽ 12 እስከ 14 ያሉት ስለ ቃላት ናቸው፤ ለእኔ የክሩ እምብርት እዚህ ነው። በትርጉም ሥራ የሚተዳደር ሰው፣ ዩንግ ጥላ ያለውን ነገር በአማርኛ ጥላ ብለን ስንተረጉም ትርጉሙ እንደሚገለበጥ አስተዋለ። በዩንግ ዘንድ ጥላ ማለት ሰው ስለ ራሱ ሊቀበለው ያልፈለገው፣ ወደ ኋላው የጣለው ክፍሉ ነው፤ ቅናቱ፣ ቁጣው፣ አንዳንዴም ያላወቀው ችሎታው። በአማርኛ ግን ጥላ ክብር ነው። ጥላው የከበደ ሰው ስንል ግርማ ያለውን ማለታችን ነው፤ ሞገስ ያጣውን ጥላ ቢስ እንለዋለን። በክታብ የሚጠራው ጥላ ወጊም የሚያጠቃው የሰውን ነውር ሳይሆን ግርማውን ነው። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ ጥላህን ተጋፈጥ ቢባል ክብርህን ውጋ የተባለ ይመስለዋል።

ምላሽ 13 ትርጉሙ ባይሆን ምን እንበለው ብሎ ሲጠይቅ፣ ከቴል አቪቭ የምትጽፍ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ በምላሽ 14 ሆድ የሚለውን አቀረበች። አማርኛ ተናጋሪ አዛውንቶች የተከፉበትን ነገር ልቡናዬ ወይም አእምሮዬ አይሉም። ነገሩ ሆዳቸው ውስጥ ነው፤ ሆድ ይፍጀው ይላሉ። ሆድ የባሰውም፣ ሆዱ የሻከረውም፣ ሆደ ሰፊውም ሆደ ጠባቡም እዚያው ናቸው። አንዲት አሮጊት ለዕብራይስጥ ተናጋሪ ሐኪም ሆዴ ተቃጠለ ብላ የጨጓራ መድኃኒት ይዛ ወደ ቤቷ እንደ ተመለሰች ተረከች፤ የተቃጠለችው በመንገድ ላይ በሞተባት ልጅ ነበር። ዩንግ ድብቁ አእምሮ የሚለውን እኛ ድሮ ስም ሰጥተነዋል፤ የጎደለን ሆድ የፈጀውን መልሶ የሚያወጣበት ሥርዓት ነው አለች።

ምላሽ 12ን የጻፈው ሰው በምላሽ 15 ተመልሶ ሐሳቡን በከፊል አነሣ። ሆድን በደስታ ተቀበለ፤ ጥላንም ግን ሊተወው እንዳልቻለ ገለጸ። ዩንግ ራሱ ጥላ የማይጥል ሰው እንዴት ተጨባጭ አካል ሊኖረው ይችላል ብሎ ጠይቋልና። ይህ ከጥላ ቢስ ጋር ይገጥማል፤ ጨለማውን ከራሱ የቆረጠ ሰው ግርማውንም አብሮ ይቆርጣል። የትርጉም ስሕተት የመሰለው ነገር የተሻለ ፍቺ ሆኖ ተገኘ። በዚህ መድረክ ሰው ሐሳቡን በአደባባይ ሲለውጥ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ስለ ሆነ ልብ ብዬ መዝግቤዋለሁ።

ምላሽ 16 ዛርን አነሣ፤ እንደሚጠበቀው ሰላሙ አበቃ። ጸሐፊው ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ተቀምጦ የዛር ሥርዓትን እንዳጠና አስታውሶ፣ ዛር አይባረርም፣ በስሙ ተጠርቶ የሚፈልገው ይሰጠዋል፣ ከሰውየውም ጋር ይታረቃል ሲል ጻፈ። በዛር የተያዘው ሰው ፈረስ ነው፣ ዛሩ ጋላቢ ነው። ዩንግ ደግሞ በወጣትነቱ በዙሪክ የቡርግሄልትስሊ ሆስፒታል መቶ ቃላት ለታካሚ አንድ በአንድ እየጠራ፣ የታካሚው መልስ ለመምጣት የፈጀውን ጊዜ በሰዓት ይለካ ነበር። መልሱ በዘገየበት ቃል ሥር ሰውየው የማያዝዘው፣ በራሱ የሚንቀሳቀስ የስሜት ቋጠሮ አለ። ኋላም ሰዎች ቋጠሮ እንዳላቸው ሁሉም ያውቃል፣ ቋጠሮውም ሰዎችን እንደሚይዛቸው ግን አያውቁም ለማለት በቃ። ጸሐፊው ፈረሱና ጋላቢው እነሆ አለ።

ምላሽ 10ን የጻፈው ሰው በምላሽ 17 ተመልሶ ርኩስ መንፈስን ከሕክምና ጋር ማነጻጸር ድፍረት ነው ሲል፣ ምላሽ 18 ደግሞ እሱኑ መልሶ ተሳደበ፤ አወያዮቹም ሁለቱንም አስጠነቀቁ። በመካከሉ የጠፋው ነጥብ ይህ ነው፦ የዩንግ ቋጠሮ የሰውየው የራሱ ክፍል ነው፤ ዛር ግን ለሚያምንበት ሰው ከውጭ የመጣ ነው። አንዱን በሌላው መተርጎም ከሁለቱ አንዱን ዝም ማሰኘት ነው። በዚህ ነጥብ ላይ፣ አነጋገሩን ባልወደውም፣ ተቆጪው ሰው የያዘው ነገር አለ።

ምላሽ 19 ዩንግን ከአፍሪካ አቅጣጫ ወቀሰው። በ1925 ወደ ኬንያና ዩጋንዳ ወሰን፣ ወደ ኤልጎን ተራራ፣ ሲጓዝ ስለ ጥቁር ሕዝብ የያዘው አስተያየት የዘመኑ ቅኝ ገዢዎች ነበር፤ እኛን የአውሮፓዊው ድብቅ አእምሮ ሥዕል አድርጎ ቆጥሮናል፤ የተረሳ ልጅነቱን ሊፈልግ እኛ ዘንድ መጣ። ወቀሳው ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ያው ጸሐፊ የጠቀሰው ታሪክ ከወቀሳው በላይ ከብዶብኛል። ዩንግ አንድ ሽማግሌ መድኃኒት አዋቂ ስለ ሕልሙ ሲጠይቀው፣ ሽማግሌው ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ድሮ አዋቂዎች ስለ ጦርነትና ስለ በሽታ፣ ስለ ዝናብና ከብቱ ወዴት እንደሚነዳ ያልሙ እንደ ነበር፣ እንግሊዞች ከመጡ ወዲህ ግን ማንም እንደማያልም ነገረው። የወረዳው ገዢ ሁሉን ያውቃልና ሕልም ሥራ ፈታ። ይህን ሳነብ የከፋቿ አማካሪና የንስሐ አባቷ ትዝ አሉኝ። ሁለቱም የየራሳቸው የወረዳ ገዢ ነበራቸው።

ሃያኛው የእኔ ነው። የጻፍኩት ራስን ማወቅ የሚለው ሐረግ በዚህ ክር ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ተሸክሞ ሳይታወቅበት እንደ ቆየ ለማሳየት ነበር። ዩንግ በ1937 መጨረሻ ወደ ሕንድ ሄዶ ሳለ የዘመኑን ቅዱሳን ሆን ብሎ አልጎበኘም፤ በደቡብ ሕንድ በአሩናቻላ ተራራ ሥር ይኖር የነበረውን ራማና ማሃርሺንም አላየውም። ከእነሱ ቢቀበል የራሱ ያልሆነውን እንደ ሰረቀ እንደሚሰማው ጽፏል። ከዚህ ጀርባ ልዩነት አለ። ለራማና ማወቅ ማለት እኔ ማን ነኝ እያሉ እየጠየቁ እኔ የሚለው ሐሳብ እስኪሟሟ መዝለቅ ነው። ለዩንግ ግን እኔ የሚል ከሌለ የሚያውቅ የለም፤ ምሉእ መሆን ማለት ብርሃኑንና ጨለማውን ይዞ፣ እኔነትን ሳያጠፉ፣ ከእኔነት ለሚሰፋው ማዕከል ቦታ መልቀቅ ነው። ለመነኮሳቱ ደግሞ ራስን ማየት ኃጢአትን ማየት ነው፤ ግቡም ራስ ሳይሆን በንጹሕ ልቡና ሥላሴን ማየት ነው። አንዱ እኔን ያሟሟል፣ አንዱ ያሰፋል፣ አንዱ ያዋርድና ይቀድሳል። ሦስቱም ሰውን ወደ ውስጥ ይመራሉ፤ ወደ ውስጥ ከገቡ በኋላ ግን ወደ አንድ ክፍል አያደርሱም።

በዚህ ባቆም ደግ ነበር። ግን ሥነ ልቦናንና እምነትን ማዋሐድ ይገባል የሚሉትን ሰዎች ሽሮ ላይ ማር እንደሚያፈስሱ አድርጌ ጻፍኩ። ምላሽ 21 በትክክል መለሰልኝ፤ ስለ መዋረድ ያስተማረ ሰው ራሱ ከማማ ላይ ሆኖ መናገሩን አስታወሰኝ። አልተከራከርኩም።

ምላሽ 22 የእኔን ሐሳብ ወደ አንድ ወዳጅነት አወረደው። እንግሊዛዊው የዶሚኒካን ካህን ቪክተር ኋይት ከ1945 ጀምሮ ከዩንግ ጋር ይጻጻፍ ነበር፤ በቦሊንገን ዩንግ በድንጋይ ባሠራው ግንብ በእንግድነት አርፏል። ሥነ ልቦናንና ነገረ መለኮትን ለማገናኘት ከእነዚህ ሁለቱ የተሻለ ጥንድ አልነበረም ማለት ይቻላል። የተለያዩት በክፋት ነገር ነው። ካህኑ እንደ ጥንታውያን አባቶች ክፋት የራሱ ህላዌ የሌለው፣ የበጎ ነገር መጕደል ነው ይላል። ዩንግ ደግሞ ይህ ትምህርት በየቀኑ ከፊቱ ለሚቀመጠው ታካሚ ሥቃይ ቀልድ ነው ይላል። በ1952 ዩንግ ስለ ኢዮብ በጻፈው መጽሐፍ በእግዚአብሔር በራሱ ውስጥ ጨለማ እንዳለ ሲጽፍ፣ ኋይት በ1955 በአደባባይ ክፉኛ ተቸው፤ ካህኑ በ1960፣ ዩንግ በ1961 ሞቱ። ዲያቆኑ በምላሽ 23 ብቅ ብሎ፣ ማዋሐድ የሚሉት ነገር መጨረሻው ይህ መሆኑን፣ ጥላን ወደ ሰው ያስገባ ሰው ቆይቶ ወደ ፈጣሪ እንደሚያስገባው ጻፈ። በክሩ ውስጥ ከተሰነዘሩት ተቃውሞዎች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው፤ ያዳከመው መልስም አላየሁም።

ምላሽ 24 ያልተጠበቀ ነበር። የነርሷ የሥራ ባልደረባ የሆነ፣ ከመጠጥ ሱስ የተላቀቀ ሰው፣ ነገረ መለኮቱን ለባለቤቶቹ ትቶ ስለ አንድ ደብዳቤ ጻፈ። ዩንግ በአንድ ወቅት አንድ አሜሪካዊ ጠጪን አክሞ ስላልተሳካለት፣ ከሕክምና የሚጠብቀው ተስፋ እንደሌለ፣ ምናልባት እውነተኛ መንፈሳዊ መለወጥ ቢያድነው እንጂ ሌላ መንገድ እንደማይታየው በግልጽ ነግሮት ነበር። ያ ንግግር ከሰው ወደ ሰው ተላልፎ በ1935 በኦሃዮ የተጀመረው የጠጪዎች መረዳጃ ማኅበር ከተተከለባቸው መሠረቶች አንዱ ሆነ። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ ይህን በጥር 1961 ቢጽፍለት፣ ዩንግ በዚያው ወር መልሶ፣ የሰውየው የመጠጥ ጥማት ነፍስ ለምሉእነት ያላት ጥማት በታችኛው ደረጃ ሲገለጥ እንደ ሆነ አስረዳ። በላቲን አልኮልና መንፈስ በአንድ ቃል መጠራታቸውንም አሳየው። ጸሐፊው አረቄ ይጠጣ በነበረበት ጊዜ በየዓመቱ ጸበል እየገባ እየማለ፣ በየዓመቱ መሐላውን ሲያፈርስ እንደ ኖረ ተረከ። የቀየረው ነገር በሳምንት ሦስት ቀን፣ በአንድ ምድር ቤት፣ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በጎረቤቱ ላይ ያደረገውን ጮክ ብሎ መናገሩ ነው። መንፈሳዊ ነው ወይስ ሥነ ልቦናዊ ብሎ የሚጠይቀው ቢኖር ወንበሩን አሳየዋለሁ አለ።

ምላሽ 25 እና 26 አመሰገኑት፤ ምላሽ 27 ጣሊያናዊውን ሮቤርቶ አሳጆሊን አስተዋወቀ። የሥነ ልቦናንና የመንፈስን ነገር በአንድ ሥርዓት ለማቀናጀት የሞከረና በ1940 የሙሶሊኒ መንግሥት በሮም ያሰረው ሐኪም ነው፤ የእስር ክፍሉን እንደ ሱባኤ ቤት ተጠቅሞበታል። አንዱ አንባቢ ለሙሶሊኒ እስረኛ የሚሆን ርኅራኄ አገራችን ውስጥ ሞልቷል ብሎ አለፈ።

ምላሽ 28 ረጅምና ያልተሸፋፈነ ነበር። ጸሐፊዋ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆን ዌልዉድ በ1984 በመንፈሳዊነት አቋርጦ ማምለጥ ሲል ለሰየመው ነገር፣ የውስጥን ቁስል ከመጋፈጥ ይልቅ በመንፈሳዊ ሥራ ለመሸሸግ፣ ራሷን ምሳሌ አደረገች። ለሰባት ዓመት አጽዋማቱን ሁሉ ሳታጓድል፣ ሌሊት ለስግደት እየተነሣች ኖራለች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከአባቷ ጋር አትነጋገርም ነበር፤ አባቷን ይቅር እንዳለች ግን ለሁሉም ትናገር ነበር። አንድ ቀን አባቷ በስልክ ሲያስሉ ስትሰማ ደስ እንዳላት ልብ አለች። ያን ደስታ ይዛ ነው ወደ ሐኪምም ወደ ካህንም የሄደችው፤ ካህኑ ደስታዋን ሰምተው ዝም አሉ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ እንባ አየሁባቸው ትላለች። ምላሽ 10ን የጻፈው ሰው እንኳ እዚህ ላይ ምንም አልተናገረም።

ከፋቿ በምላሽ 29 ተመለሰች። ለነርሷ እንቅልፏ ደኅና መሆኑን፣ ሥራም እንደምትገባ መለሰች። ለእኔ ሽሮዋን እንዳልረሳች ገለጸች። ሁለቱን በሮች አንድ አድርጎ አልፏል ያለችውን ሐሳብ እንደ ተወችው፣ ዩንግም በሁለቱ መካከል እየተላወሰ እንደ ኖረ ከክሩ እንደ ተረዳች ጻፈች። ሕልሙን ሳትፈታ፣ እንዳለ፣ ቃል በቃል ጽፋ ለአማካሪዋ አነበበችለት፤ እሱም በዚህ ጊዜ ማተቡን ሳይዘል እስከ መጨረሻው ሰማት። ወደ ንስሐ አባቷ ደግሞ ሕልሙን ሳይሆን ከአያቷ ቀብር የቀረችበትን ምክንያት ይዛ ሄደች። ምክንያቱን ለእኛ አልነገረችንም። ምላሽ 30 ቢጠይቃትም ዝም አለች።

ምላሽ 31 የዲያቆኑ ነው፤ ክሩም እስከ ዛሬ በእሱ ላይ ቆሟል። ሕልም ከንቱ ነው በሚለው አቋሙ እንደሚጸና አስቀድሞ ገለጸ። ቀጥሎም ቁልፉ የብረት ነበር ወይስ እንደ ጥንቱ የእንጨት፣ ማተቡስ የትኛው ቀለም ነበር ሲል ጠየቃት።